ሁለተኛ ጊዜ የተበላሸ ባዮስ

አዲስ አበባ ውስጥ በየሱቁ ከሚሸጡት ላፕቶፖች ብዙዎቹ ቀድሞ ሌላ ባለቤት የነበራቸው ናቸው። ዴል ላቲቲዩድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ፤ ውጭ አገር በየመሥሪያ ቤቱ ጥቂት ዓመታት አገልግለው በዱባይ ወይም በአሜሪካ በኩል የሚገቡ፣ ሻጮች «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚሏቸው። ገዢው እነሱን መምረጡ አያስወቅሰውም፤ ለመሥሪያ ቤት ተብሎ የተሠራ ላፕቶፕ አካሉ ጠንካራ ነው፣ መለዋወጫ አይጠፋለትም፣ ለመፍታትም አያስቸግርም። ከእነዚህ መካከል ግን አንዳንዱ ጠጋኙንም ባለቤቱንም የሚያደክም አመል ያወጣል። ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ጠጋኙ ባዮሱ መበላሸቱን ይናገርና እንደገና ይጭንለታል። ላፕቶፑ ይነሳል። ጥቂት ሰንብቶ ያንኑ ሕመም ይዞ ይመለሳል።

አንድ ጊዜ የተበላሸ ባዮስ ድንገተኛ አደጋ ሊሆን ይችላል። ደግሞ የተበላሸ ግን የሚያበላሸው ነገር አለ፤ ያ ነገር እስካልተገኘ ድረስ ባዮስ መጫን ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ነው። ለዚህ ነው የተመለሰ ላፕቶፕ ላይ ባዮስ የሚጻፍበትን መሣሪያ፣ ፕሮግራመሩን፣ ከማንሳት በፊት ምርመራ መቅደም አለበት የምለው።

ባዮስ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ያወጣው ጋሪ ኪልዳል የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ሲፒ ኤም የተሰኘውን ሥርዓተ ክወና ሲሠራ ከማሽኑ ጋር በቀጥታ የሚነጋገረውን ክፍል በዚህ ስም ጠራው። አይቢኤም በ1981 የመጀመሪያውን ፒሲ ሲያወጣ ስሙ ዓለምን ዞረ። ዛሬ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ትክክለኛ ስሙ ዩኢኤፍአይ ቢሆንም ገበያውም ጠጋኙም ባዮስ ማለቱን አልተወም።

መኖሪያው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ፣ ብዙውን ጊዜ ባለ ስምንት እግር የሆነ ትንሽ ቺፕ ነው። በአሁኖቹ ላፕቶፖች በአብዛኛው 16 ወይም 32 ሜጋባይት ይይዛል። የማብሪያው ቁልፍ ሲጫን ማሽኑ ሥራውን የሚጀምረው እዚህ ቺፕ ውስጥ ያለውን በማንበብ ነው፤ ራሙ፣ ስክሪኑ፣ ዲስኩ የሚታወቁት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የቺፑ ይዘት ሲበላሽ ማሽኑ ችግሩን የሚናገርበት ስክሪን እንኳ አይኖረውም።

ቺፑ ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በኢንቴል ማሽኖች ላይ መጀመሪያ ክፍፍሉን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይመጣል፤ ማኔጅመንት ኢንጂን የሚባለው የኢንቴል ክፍል ፈርምዌር የራሱ ቦታ አለው፤ ባዮሱም የራሱ። ባዮሱ ክፍል ውስጥ ደግሞ ኤንቪራም የሚባል ቦታ አለ፤ ቅንብሮች፣ ከየትኛው ዲስክ መነሳት እንዳለበት የሚገልጽ ቅደም ተከተል፣ የሴኪዩር ቡት ቁልፎች የሚቀመጡበት። ዋናው የባዮስ ኮድ አፕዴት እስኪመጣ ድረስ ለዓመታት ሳይነካ ይቆያል። ኤንቪራም ግን ላፕቶፑ በሥራ ላይ እያለ ይጻፍበታል። ብልሽቱ ከሁለቱ በየትኛው ላይ እንደደረሰ ማወቅ ምክንያቱን ወደማግኘት የሚወስድ ትልቅ ምልክት ነው።

ከዚያ በፊት ግን የተበላሸው በእርግጥ ባዮሱ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ጥቁር ስክሪን ሁሉ የባዮስ ብልሽት አይደለም። አምራቾቹ ለዚህ ሲሉ በመብራት ብልጭታ የሚናገር ቋንቋ ሠርተዋል፤ የሚያሳዝነው ብዙ ሰው ሳያየው ማለፉ ነው። ዴል ላቲቲዩድ ላይ መብራቱ ሁለት ጊዜ ብርቱካናማ፣ ሁለት ጊዜ ነጭ ብልጭ ካለ ችግሩ ባዮሱ ነው። ሁለት ብርቱካናማና ሦስት ነጭ ከሆነ ግን ማሽኑ ራም አላገኘሁም እያለ ነው፤ እዚህ ላይ ባዮስ መጫን የባለቤቱን ገንዘብ በከንቱ ማስወጣት ነው። ኤችፒም የራሱ ቁጥር አለው፤ ሁለት ቀይና ሁለት ነጭ ብልጭታ ዋናው የባዮስ ክፍል መበላሸቱንና የሚተካው ቅጂ አለመገኘቱን ይናገራል።

ሌላው በስህተት ባዮስ ተበላሸ የሚያሰኘው የሰዓቷ ባትሪ ናት፤ ባለ 3 ቮልቷ፣ ብር መሳይዋ ክብ ባትሪ። እሷ ስታልቅ ቀኑ ወደ ድሮ ዓመት ይመለሳል፣ ቅንብሮች ይጠፋሉ፣ ሲነሳ የስህተት መልእክት ይወጣል፣ ብሮውዘሩም ቀኑ ስለማይገጥምለት ድረ ገጾች ላይ ማስጠንቀቂያ ያመጣል። የባዮሱ ኮድ ግን ደህና ነው። ባትሪዋን መቀየር ብቻ ይበቃል። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ይህች ባትሪ የላቸውም፤ ሰዓቱን የሚይዙት በዋናው ባትሪ ነው፤ ባትሪው ሞቶ በቻርጀር ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ቀኑን መርሳቱ ከዚህ የመጣ ነው።

ባዮሱ በእርግጥ ከተበላሸ ለባለቤቱ የሚቀርበው ዋና ጥያቄ «መቼ?» የሚል ነው። ከጥገና ወጥቶ ኢንተርኔት ባገኘ በቀናት ውስጥ ከተመለሰ የእኔ ጥርጣሬ መጀመሪያ የሚያርፈው ዊንዶውስ አፕዴት ላይ ነው። ዊንዶውስ ከራሱ ማሻሻያዎች ጋር የአምራቹንም የባዮስ አፕዴት ያወርዳል። ላፕቶፑ ሪስታርት ሲያደርግ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱ ቆመ ብሎ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ያጠፋዋል። ጠጋኙ የድሮውን ቅጂ ሲመልስለት ዊንዶውስ ያንኑ አፕዴት ዳግም ያቀርባል። አንዳንዴ ደግሞ ባለቤቱ ምንም ሳያጠፋ አፕዴቱ ራሱ ችግር ይኖርበታል፤ በ2024 ግንቦት ወር ኤችፒ ፕሮቡክ 455 ጂ7 ላይ በዊንዶውስ አፕዴት የደረሰ ባዮስ ላፕቶፖችን እንዳይነሱ ማድረጉ ተዘግቧል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ባዮሱ ከተመለሰ በኋላ፣ ኢንተርኔት ሳይገናኝ፣ ይህን በር መዝጋት። ዴል ላይ «ዩኢኤፍአይ ካፕሱል ፈርምዌር አፕዴትስ»፣ ቲንክፓድ ላይ «ዊንዶውስ ዩኢኤፍአይ ፈርምዌር አፕዴት»፣ ኤችፒ ላይ «ኔቲቭ ኦኤስ ፈርምዌር አፕዴት ሰርቪስ» የሚለውን ከባዮስ ሜኑ ውስጥ ማጥፋት ነው። አፕዴት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፈነው በእሱ ነው። ቻርጀሩ ተሰክቶ፣ ባትሪው ሞልቶ፣ ባለቤቱ አውቆት ይሁን ነው የምለው። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ደህና ባትሪ የሌለውን ላፕቶፕ ባዮስ አፕዴት ማድረግ አልመክርም።

ሥርዓተ ክወናው በሌላ መንገድም ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ አንዳንድ የሳምሰንግ ላፕቶፖች ሊኑክስ ሲጫንባቸው ዳግም አልነሳ አሉ። ማቲው ጋሬት የተባለው የሊኑክስ ባለሙያ ነገሩን ተከታትሎ፣ ኤንቪራሙ በጽሑፍ ሲሞላ ፈርምዌሩ መነሳት እንደሚያቅተው፣ ይህንንም ከዊንዶውስ ሆኖ ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። በ2017 ታኅሣሥ ደግሞ ኡቡንቱ 17.10 ውስጥ የነበረ፣ ከባዮስ ቺፑ ጋር የሚነጋገር አንድ ድራይቨር በርካታ የሌኖቮ ሞዴሎች የባዮስ ቅንብር መያዝ እንዲያቅታቸው በማድረጉ ማውረጃው ለጊዜው ተነሳ፤ የተስተካከለው በ2018 ጥር ወጣ። በእነዚህ አጋጣሚዎች ቺፑ ጤነኛ ነበር፤ ችግሩ በላዩ ላይ የሚጽፈው ነበር።

ቫይረስ ነው የሚለው ግምት ከሁሉ ቀድሞ ይሰማል፤ እውነቱ ግን ብርቅ መሆኑ ነው። ሲአይኤች የተባለው ቫይረስ በ1999 ሚያዝያ ወር ብዙ ኮምፒውተሮችን ባዮሳቸውን ደምስሶ ጥሏል። እ.ኤ.አ. በ2018 የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያው ኢሴት ይፋ ያደረገው ሎጃክስ ግን ቺፑ ውስጥ ተደብቆ መኖርን የሚሻ ነው፤ ለእሱ የማይነሳ ማሽን አይጠቅመውም።

እኛ አገር ከዚህ ሁሉ በላይ ትኩረት የሚገባው የተጫነው ፋይል ነው። ከመሥሪያ ቤት የወጣ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ የባዮስ ፓስወርድ አለበት፤ ፓስወርዱን ለማስወገድ ደግሞ ከሌላ ላፕቶፕ የተገለበጠ ፋይል የሚጫንበት ጊዜ አለ። ማሽኑ ይነሳል፤ ነገር ግን የሌላ ላፕቶፕ ሲሪያል ቁጥርና የሌላ ማሽን የማኔጅመንት ኢንጂን ይዞ ነው የሚኖረው። ፋኑ ያለማቋረጥ ይጮኻል፣ ወይም ከእንቅልፍ አልነቃ ይላል፤ በአንዳንድ የኢንቴል ትውልዶች ላይ በየ30 ደቂቃው ራሱን ያጠፋል። ባለቤቱ ይህን ሁሉ የሚያየው «ባዮሱ እንደገና ተበላሸ» ብሎ ነው። ገዢ ሆናችሁ ሱቅ ስትገቡ ከላፕቶፑ ሥር የተለጠፈውን ሲሪያል ቁጥር ባዮሱ ውስጥ ከሚታየው ጋር አስተያዩ። ካልገጠመ፣ ወይም ኤችፒው ሲነሳ የምርቱ መረጃ ትክክል አይደለም የሚል መልእክት ካወጣ፣ ቺፑን ቀድሞ የነካው ሰው አለ።

ራሱን የሚጠግን ላፕቶፕም ጠጋኙን ሊያሳስት ይችላል። ኤሊትቡክ ላይ ሹር ስታርት የሚባለው ሥርዓት የባዮሱን ቅጂ ለብቻው ይይዛል፤ ፕሮሰሰሩ ከመነሳቱ በፊት የተለየ ተቆጣጣሪ ዋናውን ይመረምርና ካልተስማማው ከራሱ ቅጂ ይመልሳል። ይህን ሳያውቅ ዋናውን ቺፕ ብቻ የጻፈ ጠጋኝ ሥራው ሲሻርበት ቺፑን ይጠረጥራል። ዴል ደግሞ የመመለሻ ቅጂውን ዲስኩ ላይ ስለሚያስቀምጥ ዲስኩ በአዲስ ኤስኤስዲ ከተቀየረ ቅጂው አብሮ ይሄዳል፤ ያኔ በሌላ ኮምፒውተር የአምራቹን ፋይል ፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ፣ ኮንትሮልና ኢስኬፕን ተጭኖ ይዞ ቻርጀሩን መሰካት ይሞከራል። ኤችፒ ላይ የሚጫኑት የዊንዶውስ ቁልፍና ቢ ናቸው። ላፕቶፑ ሳይፈታ የሚሞከር መንገድ እያለ ወደ ብየዳ መሮጥ አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ አልፎ ወደ ቺፑ ከተደረሰ፣ መጀመሪያ ማንበብ ነው፤ የተበላሸውንም ቢሆን። ሁለት ጊዜ አንብቦ ፋይሎቹን ማስተያየት። ካልተመሳሰሉ ቺፑን ከፕሮግራመሩ ጋር የሚያገናኘው ክሊፕ በደንብ አልያዘም፣ ወይም ቺፑ ራሱ ታሟል፤ በዚህ ሁኔታ የሚጻፍ ነገር ሁሉ እምነት አይጣልበትም። ከተመሳሰሉ ፋይሉ ራሱ የሆነውን ይናገራል። ቺፑ ላይ ሲጻፍ መጀመሪያ ቢያንስ 4 ኪሎባይት የሚያህል ክፍል በሙሉ ይሰረዛል፤ የተሰረዘ ቦታ በፋይሉ ውስጥ ኤፍኤፍ፣ ኤፍኤፍ ሆኖ ይታያል። ከዚያ አዲሱ በ256 ባይት በ256 ባይት ይጻፋል። ከአምራቹ ፋይል ጋር ሲተያይ ኮድ ሊኖርበት በሚገባው መካከል ሰፊ የኤፍኤፍ ሜዳ ከተገኘ አፕዴት ተቋርጧል ማለት ነው። ጉዳቱ ኤንቪራም ላይ ብቻ ከሆነ ሶፍትዌሩን ፈትሹ። እዚህም እዚያም የተበታተነ ጥቂት ባይት ከተቀየረ ደግሞ ወደ ኤሌክትሪኩ መሄድ ያስፈልጋል፤ ፈሳሽ ነክቶት ይሆናል፣ የቺፑ እግር ብየዳው ለቆ ይሆናል፣ ወይም የቺፑ ቮልቴጅ ይዋዥቃል።

ስለ ቮልቴጅ ከተነሳ፣ በየጥገና ቤቱ የሚገኘው ርካሹ ፕሮግራመር፣ ጥቁሩ ሲኤች 341 ኤ፣ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለባዮስ ቺፑ 3.3 ቮልት እየሰጠ በመረጃ መስመሮቹ ግን 5 ቮልት ያወጣል። ብዙ ቺፖች ይችሉታል፤ በ1.8 ቮልት የሚሠሩት አዳዲሶቹ ግን ያለ አዳፕተር ከተገናኙበት ሊሞቱ ይችላሉ። አምራቾች እያንዳንዱ ክፍል 100,000 ጊዜ ተሰርዞ ሊጻፍበት እንደሚችል ስለሚገልጹ፣ ቺፑ አረጀ ከማለት በፊት ማን በምን ነካው ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ለሁለተኛ ጊዜ የመጣ ላፕቶፕ ላይ ቺፑን በአዲስ መቀየር ግን ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ተገቢ ነው እላለሁ።

ንጹሕ የአምራች ባዮስ ሲጫን የላፕቶፑ የራሱ ሲሪያል ቁጥር፣ የኔትወርክ አድራሻና የዊንዶውስ ፈቃድ ከመጀመሪያው ንባብ ተወስደው መግባት አለባቸው። ከተጻፈም በኋላ እንደገና ተነብቦ ይመሳከራል። ከዚያ ላፕቶፑ ለጥቂት ቀናት በጥገና ቤቱ ይቆይ፤ በባትሪም፣ በቻርጀርም፣ እያስተኙና እያነቁ ይሞከር፤ በመጨረሻም ቺፑ ዳግም ይነበብ። ከኤንቪራሙና ከማኔጅመንት ኢንጂኑ ውጭ የተለወጠ ባይት ከሌለ ለባለቤቱ ይመለስ። የመጀመሪያው ንባብ ፋይልም አብሮ ይሰጠው፤ የዚያ ላፕቶፕ ብቻ የሆነው መረጃ ያለው እሱ ውስጥ ነው፣ ነገ ሌላ ጠጋኝ ዘንድ ቢሄድም ያስፈልገዋል።