በድምፅ ሸመታ የተያዘ ወንበር፦ የብራዚል ቤተ ክርስቲያንና የ1999ኙ ሕግ

በብራዚል ገጠር የድምፅ ግዢ ከድምፅ አሰጣጡ ጋር አብሮ ያደገ ልማድ ነው። ንጉሣዊው አገዛዝ እ.ኤ.አ. በ1889 ተወግዶ ሪፐብሊክ ከታወጀ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት፣ «ኮሎኔል» በሚል ማዕረግ የሚጠሩ ባለርስቶች የጭሰኞቻቸውን ድምፅ ጠቅልለው ለክፍለ ሀገሩ ገዥ ያስረክቡ፣ በምላሹም የዳኝነት፣ የፖሊስና የቀረጥ ሥልጣንን በአካባቢያቸው ያሻቸውን ያደርጉበት ነበር። የሕግ ሊቁ ቪክቶር ኑኔስ ሌያል በ1948 ባሳተመው ጥናቱ ይህን «ኮሮኔሊዝሞ» የተባለ ሥርዓት ሲተነትን፣ መነሻው የባለርስቱ ጉልበት ሳይሆን እየተዳከመ የመጣ ባላባትና ድምፅ የሚያስፈልገው መንግሥት የተደጋገፉበት ውል መሆኑን አሳይቷል። በ1932 ምርጫን የሚያካሂድና በምርጫ ክርክር የሚፈርድ ራሱን የቻለ የምርጫ ፍርድ ቤት ተቋቁሞ የድምፅ ምስጢራዊነትም ሲደነገግ የባለርስቱ ቁጥጥር ላላ፤ ግዢው ግን መልኩን ቀይሮ ቀጠለ። ሲሚንቶ፣ የቤት ክዳን፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ አልፎ ተርፎም ለሴቶች የማኅፀን ቱቦ ማስቋጠሪያ ቀዶ ሕክምና የድምፅ ዋጋ ሆኑ።

ሕጉ ዝም ብሎ አልነበረም። የ1965ቱ የምርጫ ሕግ በአንቀጽ 299 ድምፅ የገዛንም የሸጠንም እስከ አራት ዓመት በሚደርስ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ የወንጀል ክስ ከችሎት ወደ ችሎት በይግባኝ ሲንከባለል የተመራጩ የሥራ ዘመን ያልቃልና፣ ድንጋጌው ለአሠርት ዓመታት ከወረቀት ጌጥነት እምብዛም አላለፈም። ሻጩም እንደ ገዢው ወንጀለኛ ስለሚሆን፣ ደፍሮ የሚመሰክር ድኻ መገኘቱ ራሱ አጠራጣሪ ነበር።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ወደዚህ ጉዳይ የገባችው በስብከት በኩል ነው። በ1952 የተቋቋመው የብራዚል ጳጳሳት ጉባኤ ከ1964 ጀምሮ በየዓመቱ በዐቢይ ጾም ወቅት «የወንድማማችነት ዘመቻ» የተሰኘ አገር አቀፍ ትምህርት ያካሂዳል፤ የዘመቻው ርዕስ እንደየዓመቱ መሬት፣ ረኀብ፣ እስር ቤት ወይም ሌላ ማኅበራዊ ጉዳይ ይሆናል። የ1996ቱ ርዕስ ፖለቲካ ነበረ። ከዚያ በኋላ የጳጳሳቱ ጉባኤ አካል የሆነው የፍትሕና የሰላም ኮሚሽን የድምፅ ግዢን ለይቶ ይዞ፣ ለብቻው ዘመቻ ከፈተበት፤ መፈክሩም ድምፅ በገንዘብ እንደማይተመን፣ መዘዝ ግን እንዳለው የሚናገር ነበር። ለኮሚሽኑ ክብር የሚገባው ግን በመፈክሩ ሳይሆን፣ ምክር ብቻውን የተራበ መራጭን ከስጦታ እንደማያርቀው ተረድቶ የሕግ ባለሙያዎችን በማሰባሰቡ ይመስላል።

ባለሙያዎቹ ያመጡት ሐሳብ ቀላል ሆኖ ጥልቅ ነው። ገዢውን ከማሰር ይልቅ የገዛውን ወንበር መንጠቅ፤ ጉዳዩንም ከወንጀል ችሎት አውጥቶ ፈጣን ለሆነው የምርጫ ሥነ ሥርዓት መስጠት። የ1988ቱ ሕገ መንግሥት ከመራጩ ሕዝብ አንድ በመቶው፣ ቢያንስ በአምስት ክፍለ ሀገራት ተሰራጭቶ ከፈረመ ረቂቅ ሕግ በቀጥታ ለምክር ቤት ሊያቀርብ እንደሚችል ስለሚፈቅድ፣ ፊርማው በየቁምስናው፣ በሠራተኛ ማኅበራትና በጠበቆች ማኅበር በኩል ተሰበሰበ። እያንዳንዱ ፈራሚ የመራጭነት መታወቂያ ቁጥሩን መጻፍ ነበረበት። ለቅዳሴ የሚሄድ ሰው ደግሞ ይህን መታወቂያ በኪሱ ይዞ አይዞርም!

ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሆነው ፊርማ ነሐሴ 10 ቀን 1999 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ለተወካዮች ምክር ቤት ቀረበ። ጊዜው እጅግ ጠባብ ነበር፤ የምርጫ ሥርዓትን የሚለውጥ ሕግ ከምርጫው አንድ ዓመት ቀድሞ መውጣት ስላለበትና የከተሞች ምርጫ ጥቅምት 1 ቀን 2000 ስለሚካሄድ፣ ከሁለት ወር ያነሰ ጊዜ ነበር የቀረው። ምክር ቤቱ ያን ሁሉ ፊርማ የሚያጣራበት መንገድ ስላልነበረው፣ ረቂቁን አባላቱ በስማቸው እንዲያቀርቡት ተደረገ። ሕዝብ ያመነጨው ሕግ በመዝገብ ላይ የእንደራሴዎች ሥራ ሆኖ መቅረቱ ትንሽ ያስገርማል። ፕሬዚዳንት ፈርናንዶ ኤንሪኬ ካርዶዞ መስከረም 28 ቀን ፈረሙበት፤ ሕግ ቁጥር 9840 ሆነ። በሕጉ መሠረት ለመራጭ ገንዘብ፣ ዕቃ ወይም ሥራ የሰጠ፣ ያቀረበ ወይም ቃል የገባ ዕጩ ከመቀጮ ጋር የዕጩነት ምዝገባውን፣ ተመርጦ ከሆነም የተመራጭነት ማረጋገጫውን ያጣል። ለቅስቀሳ የመንግሥትን ሀብት መጠቀምም ተመሳሳይ ቅጣት ታከለበት።

የሕጉ ብርታትና ድክመት በሁለት ሰዎች ጉዳይ በግልጽ ይታያል። የአማፓው ሴናተር ዣኦ ካፒቤሪቤ በ2002ቱ ምርጫ ሁለት ድምፅ በሃያ ስድስት ሃያ ስድስት ሬያል ገዝተዋል ተብለው፣ እሳቸው ቢክዱም፣ ወንበራቸውን አጡ። የፓራይባው አገረ ገዥ ካሲዮ ኩኛ ሊማ ደግሞ በማኅበራዊ ድጋፍ ስም ቼክ በገፍ በማሳደላቸው በ2009 ከሥልጣን ወረዱ። የአንዱ ክስ በሁለት ሴቶች ቃል ላይ የቆመ፣ የሌላው በመንግሥት ካዝና የተካሄደ ሲሆን ቅጣታቸው እኩል ነው፤ ይህን ሚዛን ፍትሐዊ ነው ብሎ ለመከራከር ያስቸግራል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2006 ሕጉን ሲያጸና ቅጣቱ ወንበር መንጠቅ እንጂ ዳግም እንዳይወዳደሩ ማገድ አለመሆኑን በመግለጹ፣ የተነጠቀ ሰው በቀጣዩ ምርጫ ሊመለስ ይችል ነበር።

ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ቤተ ክርስቲያኒቱና ሌሎች ማኅበራት ከ2002 ጀምሮ በአንድ ንቅናቄ ተሰባስበው ሁለተኛ ፊርማ አሰባሰቡ፤ ውጤቱም «የንጹሕ መዝገብ ሕግ» የተባለው፣ ከአንድ በላይ ዳኞች በተሰየሙበት ችሎት የተፈረደበትን ሰው ለስምንት ዓመት ከዕጩነት የሚያግደው የ2010ሩ ሕግ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን የአንድ ዓመቱን ደንብ ጠቅሶ፣ በስድስት ለአምስት ድምፅ፣ ለዚያው ዓመት ምርጫ እንዳይሠራ ስለወሰነ ካፒቤሪቤም ኩኛ ሊማም በ2011 ሴኔት ገቡ። ሕጉን በፕሬዚዳንትነት የፈረሙት ሉላ ዳ ሲልቫ ግን በ2018 በዚያው ሕግ ከፕሬዚዳንታዊው ፉክክር ታገዱ።

በዚህ መካከል የሃይማኖቱ መልክዓ ምድር ተለውጧል። የጴንጤቆስጤ አብያተ ክርስቲያናት በፍጥነት ሲያድጉ ፓስተሮች ራሳቸው ዕጩ ሆኑ፤ አንዳንዶቹም ጉባኤያቸው ለማን ድምፅ እንደሚሰጥ በአደባባይ መምራት ጀመሩ። የምርጫ ሕጉ በአምልኮ ቤት ውስጥ ቅስቀሳን፣ የሃይማኖት ተቋም ለዕጩ የሚሰጠውን ገንዘብም ይከለክላል፤ የመንፈሳዊ ሥልጣን ተጽዕኖ ግን በቼክ አይለካም። ከፍተኛው የምርጫ ፍርድ ቤት ነሐሴ 2020 «የሃይማኖት ሥልጣንን ያለአግባብ መጠቀም» ራሱን የቻለ ጥፋት እንዲሆን የቀረበለትን ሐሳብ በስድስት ለአንድ ውድቅ አድርጎ፣ ማስረጃ ሲገኝ በነባሮቹ የጥፋት ዓይነቶች ሥር እንዲታይ ትቶታል።