ሐራ ገበያ የት ናት?

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚሄደው አውራ ጎዳና መርሳንና ስሪንቃን አልፎ ወልድያ ይገባል። በዚህ መንገድ የተመላለስን የወሎ ልጆች ብዙ ነን፤ ሐራን ያየናት ግን ጥቂቶች ነን። ከተማዋ ከጎዳናው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር በሚያወርደው ቆላ ላይ ናትና።

የአገሩ አቀማመጥ እንዲህ ነው። በምዕራብ የላስታና የደላንታ ደጋ እንደ ግንብ ቆሟል። ከግንቡ ሥር፣ የአፋር ዝቅተኛ ምድር ሳይጀምር፣ መሬት ተሰንጥቆ የሰመጠባቸው ሜዳዎች አሉ። የደጋው ጎርፍ ለም አፈሩን አምጥቶ እዚህ ያራግፋል፤ የቆላው ማሽላ የሚያምረው በዚህ ነው። ዝናብ ሲቀር ደግሞ ቀድሞ የሚጎዳው ይኸው አገር ነው፤ በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. የወሎ ረሀብ ይህ ታይቷል።

«ሐራ» በግዕዝ ሠራዊት ማለት ነው፤ በኦሮምኛ ደግሞ «ሐሮ» ሐይቅ ነው። የቦታን ስም መዝገበ ቃላት ገልጦ ብቻ መፍታት ግን አይገባም።

የሐራ ስም ከወሎ ውጭ የተሰማው በምድር ባቡር ምክንያት ነው። በ2004 ዓ.ም. ያፒ መርከዚ ከተባለው የቱርክ ኩባንያ ጋር ውል የተፈረመለት፣ ሥራውም በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው፣ 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወደ መቀሌ የሚዘልቀውን ሌላ የቻይና ኩባንያ ይዞት ነበር። ስለዚህ ይህች የገበያ ከተማ የሁለት ሐዲዶች መገናኛ እንድትሆን ታሰበች። አዋሽ ላይ መስመሩ ከጅቡቲው ባቡር ጋር ስለሚገጥም፣ የሰሜን ኢትዮጵያ የባሕር በር መንገድ በእርሷ ሊያልፍ ነው ማለት ነው።

ስለምን ወልድያ አልሆነችም? ወልድያ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በተራራ ጥግ ተቀምጣለች። የጭነት መኪና ጎማ አስፋልቱን እየቆነጠጠ ዳገት ይወጣል። ባቡር ግን የብረት ጎማው በብረት ሐዲድ ላይ ስለሚሄድ በመቶ ሜትር ከሁለት ሜትር በላይ ከፍታ ሲገጥመው ይቸገራል። ስለዚህ መሐንዲሱ ሜዳውን መረጠ። የውሉ ወረቀት ግን ሁለቱን ስሞች አጣምሮ «ወልድያ/ሐራ ገበያ» ይላል፤ ምናልባት ትልቋ ከተማ እንዳትቀየም ይሆናል!

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተሰናከለ። የኤሌክትሪክ ኃይልና የገንዘብ ችግር ሥራውን አጓተተው። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ሰሜን ወሎ ገባ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስም ወልድያና አካባቢዋ በእሳት ውስጥ ሰነበቱ። ለመስመሩ የተዘጋጀው ንብረትም ተዘረፈ። ዛሬም ከሐራ ኮምቦልቻ የሚሄድ ሰው የሚሳፈረው በመኪና ነው፤ ማሽላውም እንደዚሁ።