የወንዙን ዳር ለወንዙ

አብርሃ ጅራ ሰሊጥ ገዝቶ ጎንደር ለማድረስ ከአይሱዙ ባለቤት ጋር በኪራይ የተከራከረ ሰው ወንዝ ባየ ቁጥር መንገድ ቢሆንለት መመኘቱ አይቀርም። ሰሊጥ ነጋዴ ነኝና እኔም ተመኝቻለሁ። ጓንግ ድንበሩን ሲሻገር አትባራ ይባላል፤ በአብደራፊ በኩል የሚወርደው አንገረብም እዚያው ይገባበታል፤ አትባራ ደግሞ ዓባይን ይቀላቀላል። አንዳቸውም ግን ጆንያ አይሸከሙልንም። በነሐሴ ግንድ ገንድሰው፣ ድንጋይ አንከባለው ይወርዳሉ፤ በመጋቢት አሸዋና ከብት እየተገፋፋ የሚጠጣው ኩሬ ይቀራል።

በአገራችን ዕቃ የጫነ መርከብ ያስተናገደው ወንዝ ባሮ ነው። አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር የተዋዋሉት ውል በባሮ ዳር፣ ኢታንግ አካባቢ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቀደ፤ ኋላም ጋምቤላ ወደብ ሆና የምዕራቡ ቡና በእንፋሎት መርከብ ካርቱም ይገባ ነበር። ያም ቢሆን ክረምት ላይ ብቻ ነበር። በጋ ሲገባ ውሃው ይጎድላል፣ መርከቡም ይቀር ነበር።

ለእኛ ለጎንደር ሰዎች የቅርቡ የውሃ መንገድ ጣና ነው፤ ጀልባ ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ ሰውም ዕቃም ያመላልሳል። የሐይቁ የውሃ ልክ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1784.75 ሜትር በታች ከወረደ ግን ትልልቆቹ ጀልባዎች መሄድ አይችሉም። በ1995 ዓ.ም. ወርዶ ነበር፤ ሰኔ ላይ ልኩ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅተኛው ሆነ፣ ጀልባዎቹም ለወራት ቆሙ። ዝናቡ አንሶ እንደነበር እውነት ነው። ነገር ግን በጨረጨራ በር በኩል ለጭስ ዓባይ የመብራት ማመንጫ የሚለቀቀው ውሃም በዝቶ ነበር። ሐይቁ ሲሸሽ ገበሬው ተከተለው፤ ባሕር ሸሹ ታረሰ፣ ደንገሉም ተመነጠረ። መሬት ያጠረውን ገበሬ አልወቅስም። ደንገል ግን ታንኳ መሥሪያ ብቻ አይደለም፤ ዓሣ ይራባበታል፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በፎገራ ሜዳ በኩል የሚያመጡት ደለልም እዚያው ይቀራል። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው ከዚያ ወዲህ፣ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሎታል። ደለልና ማዳበሪያ ከማሳ እየታጠበ እስከገባ ድረስ ግን አረሙ ምግብ አያጣም። የእኔን ሐሳብ የጠየቀኝ ባይኖርም፣ ለነቀላው ከወጣው ጉልበት ግማሹ ደንገል መልሶ ለመትከል ቢውል ኖሮ ዛሬ የተሻለ ቦታ ላይ እንገኝ ነበር እላለሁ።

መርከብ የሚመላለስበትን ወንዝ እንዲያገግም ማድረግ ይቻላል ወይ ለሚል ሰው ዳኑብን እጠቅሳለሁ። ከቪየና በታች ዳኑብ ከአውሮፓ ዋና ዋና የዕቃ መንገዶች አንዱ ነው። መርከብ እንዲመቸው ብለው ዳርና ዳሩን በድንጋይ ገድበው፣ ቅርንጫፎቹን ዘግተው ወንዙን ወደ አንድ ቦይ ሰብስበውት ነበር። ማምለጫ ያጣው ውሃ የራሱን ወለል እየቦረቦረ በየዓመቱ ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ አደረገው፤ የዳር ጫካው ጎርፍ እየራቀው ሄደ። በታኅሣሥ 1984 እ.ኤ.አ. ሃይንቡርግ ላይ ግድብ ሊሠራ ሲል ሕዝቡ በብርድ ጫካው ውስጥ ሰፍሮ አስቆመው፤ በ1996 እ.ኤ.አ. ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ከዚያ በኋላ በሃይንቡርግ ትይዩ ያለውን ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል የድንጋይ ክምር አነሡና ዳሩን ለወንዙ ተዉለት። ዛሬ ወንዙ ዳሩን እንደፈለገ እየናደ ይቀርጻል። ለመርከብ ብለው የሚዝቁትን ጠጠርም ወደ ላይ አጓጉዘው መልሰው ይጨምሩበታል። መርከቡም አልቀረም።

እኛ ጋ መርከብ የለም፤ ወንዙን ከዳሩ መነጠሉ ግን አለ። ዋልካ መሬታችን ላይ ትራክተር እስከ አፋፉ ያርሳል፤ ሾላው፣ ሮቃው፣ ኩርኩራው ከሥሩ ይወጣል። ጥላ ፈልጎ ወንዝ ዳር ይወርድ የነበረው ሳሉግ (የወቅት የጉልበት ሠራተኛ) ዛሬ የሚጠለለው በሸራ ሥር ነው። አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ «ልጄ፣ መሬቴ በየክረምቱ ሱዳን ይገባል፤ ግብር የምከፍለው ግን እዚህ ነው» ብለውኛል። የሚገባበትም ይታወቃል፤ አትባራ ላይ በ1964 እ.ኤ.አ. የተሠራው የካሽም ኤል ጊርባ ግድብ ይይዘው ከነበረው ውሃ ግማሽ ያህሉን ቦታ ለደለል ለቋል። ወደ ደቡብ፣ ከአላጥሽ ፓርካችን ጋር የሚዋሰነው የሱዳን ዲንደር ፓርክም አለ፤ ዲንደርና ረሃድ (እኛ ሽንፋ የምንለው) በክረምት ሞልተው የሚያጠጧቸው ረግረጎች በበጋ ለአውሬው መጠጫም ግጦሽም ናቸው። ውሃው የሚገባበት ቦይ በደለል ሲደፈን ግን ረግረጉ ይደርቃል።

ስለዚህ በኮንትራት ሰፊ መሬት የያዛችሁ ባለሀብቶች፣ የዘንድሮው እርሻ ሳይጀመር አንድ ነገር ልለምናችሁ። ትራክተሩ ከወንዙ አፋፍ ርቆ ይዙር፤ የቀሩት ዛፎች ይቁሙ፤ ሥራቸው ገና ካልተነቀለም በራሳቸው ያቆጠቁጣሉና ችግኝ እንኳ መግዛት አያስፈልጋችሁም። ከሰሊጣችሁ ላይ የሚጎድለው ጥቂት ጆንያ ነው፤ ነጋዴ ነኝና አስልቼ ነው የምነግራችሁ።