የትንንሽ አውቶሞቢሎች አምሳያ፣ የሚያብረቀርቅ ቀለማቸውና የሥራ ክፍላቸው

በጃፓን አገር ሺዙኦካ በተባለችው ከተማ ዮሺዎ ታሚያ የተባሉ ሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም. አንድ የእንጨት መሰንጠቂያና የእንጨት ንግድ ድርጅት አቋቋሙ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ድርጅቱ ከዋናው ንግድ ጎን ለጎን የእንጨት አምሳያዎችን ያዘጋጅ ነበር። በ1951 ዓ.ም. ግን እሳት ተነሥቶ መጋዘኑን ከነእንጨቱ አወደመው።

ለነጋዴ ከዚህ የከፋ ፈተና በቀላሉ አይገኝም። ድርጅቱ ግን እንደ ትርፍ ሥራ ይቈጥረው የነበረውን ዋና ሥራው አደረገውና በ1953 ዓ.ም. የእንጨት ሽያጩን ፈጽሞ ትቶ ወደ አምሳያ ሥራ ዞረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ከባሕር ማዶ የገቡ የፕላስቲክ አምሳያዎች የእንጨቱን ገበያ ስለ ወሰዱበት፣ በ1960 ዓ.ም. ያማቶ የተባለችውን የጦር መርከብ በፕላስቲክ ሠርቶ አወጣ። ሌላ ድርጅት ያችኑ መርከብ በርካሽ ዋጋ ስላቀረበ ይህ የመጀመሪያ ሙከራ በኪሳራ አለቀ። በ1961 ዓ.ም. የወጣው የፓንተር ታንክ አምሳያ ገበያ ሲያገኝ ግን ድርጅቱ በእግሩ ቆመ። ከዚያም ወደ አውቶሞቢል ዘልቆ፣ በ1976 ዓ.ም. ያወጣውን የፖርሸ አምሳያ ለማዘጋጀት እውነተኛውን ፖርሸ 911 ገዝቶ እስከ ብሎኑ ድረስ ፈታታው። ዛሬ ሺዙኦካ የታሚያ ብቻ ሳትሆን የአዎሺማና የፉጂሚም መቀመጫ ናት።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ክቡራን አንባቢዎቻችን ዕቃውን ከጨዋታ ቤት ዕቃ ብቻ እንዳይቈጥሩት ነው። የዚህ ዕቃ ገዢ ብዙ ጊዜ ሕፃን ሳይሆን ደመወዝተኛ፣ መሐንዲስ፣ ሐኪም ወይም ጡረተኛ ነው። ሣጥኑን የሚገዛው ተሠርቶ ያለቀ መኪና ሊያገኝ ሳይሆን በገዛ እጁ ሊሠራ ሲሆን፣ የሥራውም መጨረሻና መመዘኛ የአካሉ ቀለም ነው። ቀለሙ እንደ መስተዋት ፊትን ካላሳየ፣ የቀረው ድካም ሁሉ ከንቱ ይመስለዋል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ይህን በራሱ ጥፋት ተምሮታል። አንድ ባለሱቅ ወዳጃችን፣ አባቱ ለብዙ ዘመን ይነዷት የነበረችውን ቀይ ቮልስዋገን በአንድ ሃያ አራተኛ መጠን አሠርቶ ለእንቁጣጣሽ ሊያበረክትላቸው ፈለገና ሥራውን ለእኛ ሰጠን። እኛም ቀኑ ስለ ደረሰብን በነሐሴ መጨረሻ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ በረንዳ ላይ ቆመን ቀለሙን ረጨን። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቀዩ ቀለም ጉም እንደ ወረደበት ተራራ ነጣ። ምክንያቱም ይህ ነው፤ ቲነሩ በፍጥነት ሲተን የቀለሙን ገጽ ያቀዘቅዘዋል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበትም እዚያው ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፍና ቀለሙን ያደበዝዘዋል። እንቁጣጣሽ አለፈ፤ ስጦታው ግን አልደረሰም።

ሁለተኛው ሙከራ ያስተማረንን ሥርዓት ከዚህ ቀጥለን እናቀርባለን።

በመጀመሪያ የፕላስቲኩን አካል በለብታ ውሃና በሳሙና ማጠብ ያስፈልጋል። ከፋብሪካው ቅርጽ ማውጫ የሚቀርበት ቅባት ቀለም እንዳይዝ ያደርጋልና። ቀጥሎ ቅርጽ ማውጫው የተወውን የመገጣጠሚያ መስመር 600 ቁጥር ባለው የብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል ይገባል። የብርጭቆ ወረቀት ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን አሸዋው ይደቃል።

ከዚያ ፕራይመር ይረጫል። ፕራይመሩ ቀለሙን ከፕላስቲኩ ጋር ከማያያዙም በላይ ቀድሞ ያልታየውን ጭረት ሁሉ ያጋልጣል። በቀይና በቢጫ ቀለም ሥር ነጭ ፕራይመር ይመረጣል፤ በግራጫ ላይ የተቀባ ቀይ ይጠቁራልና። ለብርማ ቀለም ግን የሚያብረቀርቅ ጥቁር ከሥር ቢኖር ብርሃኑ ይጐላል።

ዋናው ቀለም በአንድ ጊዜ አይጫንም። የቀለሙ ቆርቆሮ አስቀድሞ ለጥቂት ደቂቃ በለብታ ውሃ ውስጥ ቢቆም ቀለሙ ደቅቆ ይወጣል፤ በእሳት ላይ ማሞቅ ግን ቆርቆሮውን ያፈነዳዋልና ከቶ አይሞከርም። ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ሆኖ፣ ርጭቱን ከመኪናው ውጭ ጀምሮ ከመኪናው ውጭ መጨረስ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ስስ ይሁኑ፤ በየመካከሉም አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠበቅ። የመጨረሻው ዙር ብቻ ገጹ እርጥብ መስሎ እስኪያበራ ድረስ ወፈር ይላል። የማያውቁትን ቀለም አስቀድሞ በፕላስቲክ ማንኪያ ላይ መሞከር ብዙ ሐዘን ያስቀራል።

አሁን የሚፈለገው ትዕግሥት ነው። ቀለሙ በጣት ሲነኩት የደረቀ ቢመስልም ከውስጥ ገና ለስላሳ ነው። መፈተኛው አፍንጫ ነው፤ የቲነር ሽታ እስካለ ድረስ አልደረቀም። ሽታው ከጠፋ በኋላ 2000ና ከዚያ በላይ ቁጥር ባለው የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያረጠቡ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሻከረውን ገጽ ማለስለስ፣ ከዚያም በማወልወያ ቅባት ከሻካራው ወደ ደቃቁ እያለፉ በለስላሳ ጨርቅ መወልወል ነው። በጠርዞች ላይ ቀለሙ ስስ ስለ ሆነ ወረቀቱ ቶሎ በልቶት ፕላስቲኩ ይታያል፤ ስለዚህ ጠርዞቹን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኖ መሥራት ይበጃል።

የሥራ ክፍሉን በተመለከተ፣ ሰፊ መሆኑ ሳይሆን መለየቱ ነው የሚጠቅመው። የብርጭቆ ወረቀት የሚሠራበት ጠረጴዛና ቀለም የሚረጭበት ስፍራ አንድ ከሆኑ አቧራው በእርጥብ ቀለም ላይ ያርፋል። ከመርጨት በፊት ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፣ የተረጨውንም ወዲያው ንጹሕ ክዳን ባለው ሣጥን መሸፈን ይገባል። መብራቱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎንም ቢመጣ የገጹ ጉድለት በግልጽ ይታያል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጤና ነው። ከቀለም የሚወጣው ትነት ራስን ያዞራል፤ ሳያቋርጡ ሲተነፍሱት ደግሞ አካልን ይጎዳል። ተራ የጨርቅ ጭምብል አቧራን እንጂ ትነትን አያግድም፤ የሚያስፈልገው ከሰል ያለበት የትነት ማጣሪያ የተገጠመለት ጭምብል ነው። አየሩን ወደ ውጭ የሚገፋ ማራገቢያ ሊኖር ይገባል፤ ይኸውም እሳት የማይፈነጥቅ ሞተር ያለው ይሁን፤ ትነቱ ተቀጣጣይ ነውና። ምድጃ፣ ሻማና ሲጋራ ወደዚያ ክፍል አይግቡ። የቀለም ቆርቆሮ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ በላይ በሚደርስበት ስፍራ፣ በተለይም ፀሐይ በሚመታው የሱቅ መስኮት ውስጥ፣ አይቀመጥ።

ለአስመጪዎችም ጥቂት ቃል እንጨምር። የአምሳያው ሣጥንና ቀለሙ በጉምሩክ ዘንድ አንድ ዓይነት ዕቃ አይደሉም፤ በዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ አምሳያዎች በ95.03፣ በላከርና በመሰል ቀለሞች የሚመደቡት ደግሞ በ32.08 አንቀጽ ሥር ናቸው። በጋዝ ግፊት የሚረጭ ቆርቆሮ በተባበሩት መንግሥታት ቁጥር 1950፣ በብልቃጥ ያለው ተቀጣጣይ ቀለም በቁጥር 1263 እንደ አደገኛ ጭነት ይቈጠራል። ይህን ሳያስታውቅ ከአምሳያው ጋር በአንድ ካርቶን አሽጎ በአውሮፕላን የሚልክ ሰው ጭነቱን ከማስያዙም በላይ የሰው ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል።

ለባለሱቁ ደግሞ ምክራችን አጭር ነው። የመኪናውን ሣጥን ብቻ የሚሸጥ አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ፕራይመሩን፣ ቲነሩን፣ የብርጭቆ ወረቀቱንና ማወልወያውን አብሮ የያዘ ግን ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል፤ እነዚህ አላቂ ናቸውና። መደርደሪያ ሲያሠራም መጠኑን ያስብ፤ አራት ሜትር የሚሆን መኪና በአንድ ሃያ አራተኛ 17 ሳንቲሜትር ገደማ፣ በአንድ አርባ ሦስተኛ ግን ከ9 ሳንቲሜትር ጥቂት የሚበልጥ ይሆናል። ከዚህም ጋር ሻጩ ራሱ አንዲት መኪና ቀብቶ በመስኮቱ ቢያኖር፣ ሳይዋሽ የሚመሰክርለት ማስታወቂያ ይሆንለታል።

የወዳጃችንን አባት ጉዳይ ሳንጨርስ አናቆምም። የደበዘዘው ቀለም ከደረቀ በኋላ አለስልሰነው፣ ሰማዩ በጠራበት በጥቅምት ወር እንደገና ቀባነው። አዛውንቱ መኪናዋን በመዳፋቸው ይዘው በመስኮቱ ብርሃን አገላብጠው አዩዋት፤ የገዛ ፊታቸውም በጣሪያዋ ላይ ታያቸው። ከዚያም ወደ ልጃቸው ቀና ብለው፣ «ሁሉም ደኅና ነው፤ በግራ ፓራፋንጎዋ ላይ የነበረው ጭረትስ የት ሄደ?» ሲሉ ጠየቁ። ዘግይቶ የደረሰው ስጦታ ዋጋውን እንዳላጣ ያን ጊዜ ተረዳን።