ወኪሉ ኮምፒውተር፦ የትኛው ጥያቄ በእርሱ በኩል ይለፍ?

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ሐይቅን አልፋ የምትገኘው የአምባሰሏ ውጫሌ በታሪክ የምትታወሰው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ነው። የአንቀጽ 17 የአማርኛው ቅጂ ዳግማዊ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መጻጻፍ እንደሚችሉ ሲገልጽ፣ የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ተገኘ። በወኪል በኩል መላክ በፈቃድ ነው ወይስ በግዴታ የሚለው ጥያቄ ለኔትወርክ ባለሙያም እንግዳ አይደለም። (ንጽጽሩ በዚህ ይብቃ፤ የእኛው ጉዳይ ጦርነት አያስነሣም።)

በሐይቅ ከተማ 40 ኮምፒውተሮች ያሉት የትምህርት ቤት ክፍል አለ እንበል። መስመሩ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ያስተላልፋል። ሁሉም አንድ ዓይነት የ10 ሜጋባይት ፋይል ቢያወርዱ በመስመሩ የሚያልፈው 400 ሜጋባይት፣ ማለትም 3,200 ሜጋቢት ስለሚሆን 1,600 ሰከንድ ወይም 27 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የክፍለ ጊዜው ትልቁ ክፍል በመጠበቅ አለቀ ማለት ነው። ፋይሉን አንድ ጊዜ አውርዶ ቅጂውን የሚያስቀምጥ ፕሮክሲ ሰርቨር ቢኖር ግን መስመሩ የሚያዘው ለ40 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ዕደላው በውስጥ ኔትወርኩ ይከናወናል። ቅጂው የቆየ እንደሆነ ፕሮክሲው ዋናውን ሰርቨር ተለውጦ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ካልተለወጠ 304 የሚል አጭር መልስ ይደርሰዋል። በነፃ የሚገኘው ስኩዊድ የታወቀው የዚህ ዓይነት ሶፍትዌር ነው።

በፈቃድ ሲሆን የፕሮክሲው አድራሻ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ይሞላል። በግዴታ ሲሆን ራውተሩ የእያንዳንዱን ፓኬት ፖርት፣ ማለትም የአገልግሎቱን ቁጥር ተመልክቶ፣ 80 የሆነውን ወደ ፕሮክሲው ያዞራል፤ ኢሜይልና ሌላው በቀጥታ ያልፋል። የፕሮክሲው የራሱ ጥያቄ ከዚህ ትእዛዝ ነፃ መሆን አለበት፤ አለዚያ ጥያቄው ወደ ራሱ እየተመለሰ ማብቂያ በሌለው ዙር ይሽከረከራል።

ዛሬ አብዛኞቹ ድረ ገጾች የሚመጡት በፖርት 443 ተመስጥረው ስለሆነ ፕሮክሲው ሊያነባቸውም ሊያስቀምጣቸውም አይችልም። ምስጢሩን ለመክፈት በተማሪው ኮምፒውተር ላይ የራስን ሰርተፊኬት መትከል ይቻላል፤ ይህ ግን መስመር መቆጠብ ሳይሆን የሰው ደብዳቤ መክፈት ስለሆነ አይመከርም። እንደ ኡቡንቱ ጥቅሎች ያሉ የሶፍትዌር ማሻሻያዎች ግን ዛሬም ባልተመሰጠረ መንገድ ይሰራጫሉ። ዲጂታል ፊርማ ስላላቸው ቅጂው ቢበላሽ ይታወቃል። ለፕሮክሲው የሚመረጡት እንግዲህ እነዚህ ናቸው።

መብራት ጠፍቶ ፕሮክሲው ቢዘጋስ? ራውተሩ ወደ ሌለ ኮምፒውተር ማዞሩን ከቀጠለ መስመሩ እየሠራ እንኳ ገጾቹ አይከፈቱም። በሲስኮ ራውተሮች የሚገኘው ደብሊውሲሲፒ የተባለ ሥርዓት ለዚህ መላ አለው፦ ፕሮክሲው በየ10 ሰከንዱ መኖሩን ያሳውቃል፤ ለ30 ሰከንድ ያህል ድምፁ ከጠፋ ራውተሩ ጥያቄዎቹን በቀጥታ ይለቅቃል።