የታዳጊ ስፖርተኞች ጉዳትና መከላከያው፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሜዳዎች አንጻር

በታዳጊ ስፖርተኞች ላይ የሚደርስ ጉዳት በብዙዎች ዘንድ እንደ ክፉ አጋጣሚ ቢቆጠርም፣ የስፖርት ሕክምና ጥናቶች እንደሚያሳዩት አብዛኛው ከልምምድ መብዛት፣ ከዕረፍት ማነስ፣ ከሰውነት ዝግጅትና ከሜዳ ሁኔታ የሚመነጭ በመሆኑ አስቀድሞ ሊገታ ይችላል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ ሞቅ ባለ ስፍራ ስለምትገኝ፣ በደሴው ሆጤ ሜዳ የሚለማመድ ልጅና በኮምቦልቻ የሚለማመድ ልጅ የሚገጥማቸው አየር፣ ሙቀትና መሬት የተለያየ ነው፤ የሁለቱም አካል ግን ገና በማደግ ላይ ያለ መሆኑ አንድ ያደርጋቸዋል።

የጉዳዩ ቁልፍ ያለውም እዚህ ላይ ነው። የልጅ አጥንት በጫፎቹ አካባቢ ለስላሳ የማደጊያ ንጣፍ ያለው ሲሆን፣ ይህ ንጣፍ በዙሪያው ካሉት ጅማቶች ይልቅ ደካማ ስለሆነ፣ በአዋቂ ላይ ተራ ወለምታ የሚሆነው መጠምዘዝ በልጅ ላይ ንጣፉን ሊሰብርና የአጥንቱን ዕድገት ሊያዛባ ይችላል። ልጆች በፍጥነት በሚመዘዙበት ዕድሜ፣ ማለትም ሴቶች በ12፣ ወንዶች በ14 ዓመት ገደማ፣ አጥንት ከጡንቻና ከጅማት ቀድሞ ስለሚረዝም ጅማቱ የሚጣበቅበትን ቦታ ይጎትተዋል። ከጉልበት ሎሚ በታች የሚወጣው የሚያም እብጠት በ1903 እ.ኤ.አ. በገለጹት ሁለት ሐኪሞች ስም የኦስጉድ ሽላተር ሕመም ይባላል፤ በተረከዝ ላይ የሚታየው ተመሳሳይ ሕመም ደግሞ የሴቨር ሕመም ይባላል። ሁለቱም የሚሻሉት ሩጫና ዝላይን በመቀነስ በመሆኑ፣ «ስንፍና ነው» ተብሎ እየታመመ እንዲሮጥ የሚገደድ ልጅ በከንቱ ይሠቃያል።

በድንገት ከሚደርሱት መካከል በእግር ኳስ በብዛት የሚታየው የቁርጭምጭሚት ወለምታ ነው። የፊተኛው የጉልበት ውስጥ ጅማት መበጠስ ግን ቁጥሩ ቢያንስም ከባድ ነው፤ በሴቶች ላይም ከወንዶች በላቀ መጠን ይደርሳል። ጭንቅላቱ ተመትቶ የደነዘዘ ወይም ያስታወከ ተጫዋች ምንም እንኳ ደህና ነኝ ቢል በዚያው ቀን ወደ ሜዳ ሊመለስ አይገባም።

በሩጫ ጉዳቱ የሚጠራቀመው ቀስ እያለ ነው። ጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያቋረጠው በእግር ጉዳት ሲሆን፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ከሲድኒ ኦሊምፒክ ድሉ በኋላ የተረከዝ ጅማቱን ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ተገዷል። ለዓለም ምርጦች ያልራራ ድግግሞሽ ለ15 ዓመት ልጅ ሊራራ አይችልም። የምግብ እጥረት ሲታከልበት አጥንት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የሯጭ የወር አበባ መቋረጥም የብርታት ሳይሆን የአደጋ ምልክት ነው። በወሎ በረመዳንም በዐቢይ ጾምም የሚጾሙ ታዳጊዎች ብዙ ስለሆኑ፣ ከባዱን ልምምድ ወደሚመገቡበትና ውኃ ወደሚጠጡበት ሰዓት ማስጠጋት የአሰልጣኙ ኃላፊነት ነው። ባለሙያዎች የሚመክሩት የሳምንቱ የልምምድ ሰዓት ከልጁ የዕድሜ ቁጥር እንዳይበልጥ፣ ከሳምንቱም ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍት እንዲሆን ነው።

ከመከላከያዎቹ ሁሉ በማስረጃ የጠነከረው የተደራጀ ሰውነት ማሟሟቅ ነው። ፊፋ በ2006 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው «አሥራ አንድ ፕላስ» የተባለው መርሐ ግብር 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ በኖርዌይ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ ልጃገረዶች ላይ ተሞክሮ በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት ጠቅላላውን ጉዳት በሲሶ ገደማ ቀንሷል። በዝግታ ሩጫ ይጀመርና ወደ ጥንካሬ፣ ሚዛንና ዝላይ ይሸጋገራል። ለምሳሌ ተጫዋቹ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቶቹን ከኋላ አጥብቆ ይዞለት፣ ወገቡን ሳያጥፍ በተቻለው መጠን እየዘገየ ወደ ፊት ሲወርድ የኋላ ጭን ጡንቻው ይጠነክራል። ዘሎ ሲያርፍ ደግሞ አሰልጣኙ ከፊት ለፊቱ ቆሞ ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ እንዳይገቡ ይመለከታል፤ የጉልበት ጅማት የሚበጠሰው ብዙውን ጊዜ ጉልበት እንዲህ ሲገባ ነውና። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ሜዳና ትዕግሥት ብቻ ሲሆን፣ ውጤት የሚሰጠው ግን በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሳይቋረጥ ሲሠራ ነው።

ጠጠራማ ሜዳን ከልምምድ በፊት መልቀም፣ ያለ መጋጫ (የቅልጥም መከላከያ) አለማጫወት፣ የደሴን ቁልቁለቶች ለጀማሪ ሯጭ በጥቂቱ ማስለመድም የማይናቁ ጥንቃቄዎች ናቸው። ዕድሜ መደበቅ ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ የ19 ዓመት ወጣት ከ15 ዓመት ልጆች ጋር ሲጋጭ የሚሰበረው ልጁ ነው።

ጉዳት ከደረሰ በኋላም መከላከል አያበቃም። ለወለምታ ዕረፍት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ መጠነኛ ማሰሪያና እግርን ከፍ ማድረግ ይበጃል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት በቅቤ ማሸት እብጠቱን ያባብሳል። የክለብ ወጌሻ ይህን ጠንቅቆ ማወቅ ይኖርበታል። ስብራት ሲሆንም ጥንቃቄ ያሻል፤ በቀርከሃ በጥብቅ የተጠፈረ ስብራት የደም ዝውውርን አግዶ ለእግር ወይም ለእጅ መቆረጥ የዳረጋቸው ሕፃናት በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ታይተዋል። ስለዚህ ወላጆች የታሰረውን እግር ጣቶች በየጊዜው ይመልከቱ፤ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያው ወዲያው ተፈትቶ ልጁ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይወሰድ።