ሃይኩ ለዕለት ተዕለት ሥራ ደርሷል?

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ሲያቋርጥ፣ ምንም ያልጎደለባቸው ብዙ ላፕቶፖች በአንድ ቀን ጡረታ ወጡ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ፣ በኩባንያው ዝርዝር ውስጥ የገባ ፕሮሰሰርና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል። ውጭ አገር አገልግሎ የመጣ ላፕቶፕ በሰፊው በሚሸጥበት እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ ይህ ቀላል መስፈርት አይደለም።

አማራጭ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሊኑክስ ይሄዳል፤ ጥሩ ምርጫም ነው። ከዚያ ወጣ ብሎ የሚፈልግ ግን ሃይኩ የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ያገኛል። ሃይኩ የሊኑክስ ዘር አይደለም። የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነሉ፣ የፋይል ሥርዓቱ፣ መስኮቶቹን የሚያስተዳድረው ክፍል፣ ፋይል ማሳያው፣ ሁሉም ለአንድ ሰው የግል ኮምፒዩተር ታስበው እርስ በርስ እንዲግባቡ የተሠሩ ናቸው። የሚሠሩትም በአብዛኛው ከመደበኛ ሥራቸው በኋላ የሚተጉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ባለ 64 ቢቱ ቅጂ 384 ሜጋባይት ራምና 3 ጊጋባይት ዲስክ ይበቃዋል። ታዲያ አንድ ሰው እንጀራውን የሚበላበትን ኮምፒዩተር ለዚህ ሲስተም አምኖ ሊሰጥ ይችላል?

መልሱን ለመረዳት የሃይኩን ሥር ማየት ያስፈልጋል። የአፕል ከፍተኛ ኃላፊ የነበረው ፈረንሳዊው ዣን-ሉዊ ጋሴ በ1990 ከአፕል ወጥቶ ቢ የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። ኩባንያው በ1995 ቢቦክስ የተባለ ኮምፒዩተር ይዞ ብቅ አለ፤ ባለ ሁለት ፕሮሰሰር የግል ኮምፒዩተር በዚያን ጊዜ ብርቅ ነበር። ላዩ ላይ የተጫነው ቢኦኤስ የተባለው ሲስተምም ብዙ ቪዲዮዎችን በአንድ ጊዜ ያለ መንቀጥቀጥ በማጫወት ተመልካቹን ያስደንቅ ነበር። በ1996 አፕል የራሱ አዲስ ሲስተም አልሳካ ብሎት ስለነበር ቢን ለመግዛት ተደራደረ። በዋጋ ሳይስማሙ ቀሩ። አፕል ፊቱን ወደ ስቲቭ ጆብስ ኩባንያ ወደ ኔክስት አዞረና በ400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው፤ የዛሬው ማክኦኤስም ሆነ የአይፎኑ አይኦኤስ የዚያ ግዢ ልጆች ናቸው።

ቢ ተስፋ ሳይቆርጥ ሲስተሙን ወደ ኢንቴል ኮምፒዩተሮች አመጣ። የጃፓኑ ሂታቺም ከዊንዶውስ ጋር ቢኦኤስን አብሮ የጫነ ኮምፒዩተር ለገበያ አወጣ። ይሁንና ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ከሁለቱ የቱን እንደሚፈልጉ አይጠይቅም ነበር፤ ቢኦኤስ ዲስኩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ገዢው መኖሩን እንኳ ላያውቅ ይችላል። ቢ በ2002 ማይክሮሶፍት ገበያውን ዘግቶብኛል ብሎ ከሰሰ፤ ማይክሮሶፍት በ2003 ጥፋተኛነቱን ሳያምን ወደ 23 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ክሱ ተዘጋ። ኩባንያው ግን ቀድሞ ሥራውን አቁሞ ነበር። ንብረቱን በ2001 ፓልም በ11 ሚሊዮን ዶላር ጠቅልሎታል።

በዚያው ዓመት የቢኦኤስ ወዳጆች ሲስተሙን ከባዶ ተነስተው፣ በክፍት ምንጭ እንደገና ለመጻፍ ተሰባሰቡ። ለከርነሉ የቀድሞ የቢ መሐንዲስ ትራቪስ ጋይዘልብረክት የጻፈውን ኒውኦኤስን መነሻ አደረጉ። ሥራው በ2004 ሃይኩ የሚለውን ስም ያዘ። የመጀመሪያው አልፋ ቅጂ በ2009፣ የመጀመሪያው ቤታ በ2018፣ አምስተኛው ቤታ በመስከረም 2024 ወጣ። ርምጃው አዝጋሚ ነው ማለት ይቻላል፤ ግን አንድን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሙሉ በሙሉ መጻፍ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ላሰበ ሰው፣ እዚህ መድረሱ ራሱ የሚያስከብር ነው።

ሃይኩን የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ቅልጥፍናውን ነው። ምስጢሩ ከቢኦኤስ የተወረሰ ነው፦ እያንዳንዱ መስኮት የራሱ ትሬድ አለው። ትሬድ ማለት ፕሮሰሰሩ ለብቻው ተራ የሚሰጠው የሥራ መስመር ነው። በብዙ ሲስተሞች አንድ ፕሮግራም መስኮቶቹን ሁሉ በአንድ መስመር ያስተናግዳል፤ ያ መስመር በከባድ ሥራ ሲያዝ መስኮቶቹ ሁሉ ይደርቃሉ፣ ተጠቃሚውም ደጋግሞ ክሊክ እያደረገ ይጠብቃል። በሃይኩ አንዱ መስኮት ሥራ ቢበዛበት ሌላው ለተጠቃሚው መታዘዙን አያቆምም። እዚህ ላይ ግን መነገር ያለበት ነገር አለ። እንደ ሊብሬኦፊስ ያሉት ትልልቅ ፕሮግራሞች ለሌላ ሲስተም ተጽፈው ወደ ሃይኩ የተሻገሩ በመሆናቸው የዚህ ጥቅም ሙሉ ተካፋይ አይደሉም። ቅልጥፍናው ጎልቶ የሚታየው ለሃይኩ በተጻፉት ላይ ነው።

ከሁሉ የሚያስቀናው የፋይል ሥርዓቱ ነው። መነሻውን ለቢኦኤስ የነደፉት ዶሚኒክ ጂያምፓኦሎና ሲሪል ሜሪዮን ሲሆኑ፣ ጂያምፓኦሎ በኋላ አፕል ገብቶ ስፖትላይት በተባለው የማክ መፈለጊያ ላይ ሠርቷል። በዚህ ሥርዓት አንድ ፋይል ከይዘቱ ሌላ ስለራሱ የሚናገሩ መረጃዎችን ይሸከማል፤ ፖስታው ሳይከፈት ላኪውና ተቀባዩ ላዩ ላይ እንደሚነበበው ማለት ነው። ኢሜይልን እንውሰድ። በሃይኩ እያንዳንዱ ኢሜይል አንድ ተራ ፋይል ነው፤ የላኪው ስም፣ ርእሱ፣ ቀኑ፣ መነበብ አለመነበቡ ከፋይሉ ጋር ተያይዘው ይቀመጣሉ። ስለዚህ ትራከር የሚባለው ፋይል ማሳያ ፎልደሩን ሲከፍት እነዚህን ሁሉ በየዓምዱ ዘርግቶ ያሳያል፤ የኢሜይል ፕሮግራም መክፈት አያስፈልግም። ተጠቃሚው «ከእገሌ የመጡ፣ ገና ያልተነበቡ» ብሎ ሲጠይቅ ሲስተሙ ዲስኩን ሳያስስ ከተዘጋጀ ማውጫ መልሱን ወዲያው ያቀርባል። መስኮቱ ክፍት እንዳለ አዲስ ኢሜይል ከገባም ዝርዝሩ ላይ በራሱ ይጨመራል። ሙዚቃም፣ የሰዎች አድራሻም በዚሁ መንገድ ይያዛሉ። የአድራሻው ፋይል ውስጡ ባዶ ሆኖ ስሙና ስልኩ ሁሉ በተያያዘው መረጃ ላይ ሊሆን ይችላል።

ጣጣው የሚመጣው ፋይሉ ከሃይኩ ሲወጣ ነው። ያው አድራሻ ፋት32 በሆነ ፍላሽ ላይ ሲገለበጥ የተያያዘው መረጃ ይረግፍና ባዶ ፋይል ብቻ ይተርፋል። ተጠቃሚዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ፋይላቸውን መጀመሪያ በሃይኩ ዚፕ አድርገው ነው የሚያወጡት።

የፕሮግራም አጫጫኑም የራሱ ብልሃት አለው። ከ2013 ጀምሮ በሃይኩ አንድ ፕሮግራም ሲጫን ፋይሎቹ ዲስኩ ላይ አይበተኑም። ፕሮግራሙ በአንድ የታሸገ ፋይል ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል፤ ሲስተሙ ከእሽጉ ውስጥ ሆኖ ያነበዋል። እሽጉ ሲጠፋ ፕሮግራሙም ቅሪት ሳይተው ይሄዳል። የሲስተሙ ፎልደሮች እንዲህ ከእሽግ ስለሚነበቡ በስሕተት ሊሰረዙ አይችሉም። ማሻሻያ ተጭኖ ነገር ቢበላሽ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ የተመደበውን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ከሚመጣው ምርጫ ላይ ከማሻሻያው በፊት የነበረውን ሁኔታ መርጦ መነሳት ይቻላል። ማሻሻያ ሥራውን አበላሽቶበት የሚያውቅ ሰው የዚህን ዋጋ ይረዳዋል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ሃይኩን የሚያስመርጥ ነው። ችግሩ ያለው ሃይኩ ራሱ በሠራው ነገር ሳይሆን፣ ሌሎች ለትልልቆቹ ሲስተሞች ብቻ በሠሩት ነገር ነው። ዋነኛው ብራውዘር ነው። ዛሬ ባንኩም፣ ትምህርቱም፣ የመንግሥት ቅጹም የሚያልፈው በብራውዘር ነው፤ የዘመኑ ብራውዘር ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠር መስመር ኮድ ያለው ግዙፍ ሥራ ነው። አንድሪያስ ክሊንግ በ2018 የጀመረው ሴሬኒቲኦኤስ የተባለው ሌላው በፍቅር የተሠራ ሲስተም ለዚህ ምስክር ነው። ለሲስተሙ ታስቦ የተጀመረው ሌዲበርድ የተባለው ብራውዘር እየገዘፈ ሄዶ በ2024 ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ሆነና ከእናቱ ተለየ። ሃይኩ የራሱ ዌብፖዚቲቭ አለው፤ የሚንቀሳቀሰው ሳፋሪ በሚጠቀምበት በዌብኪት ነው። ዜና ለማንበብና ቀለል ላሉ ገጾች ይበቃል፤ ከበድ ያሉት ላይ ይንገዳገዳል። ፋልከንና ኤፒፋኒ የተባሉት ብራውዘሮችም ከሊኑክስ ዓለም ተሻግረዋል። ቅርብ ጊዜ ደግሞ ፋየርፎክስ አይስዊዝል በሚል ስም ሃይኩ ላይ መሥራት ጀምሯል፤ ይህ ለዕለት ተጠቃሚው ከብዙ ዓመታት ወዲህ ትልቁ ዜና ነው። ሆኖም እንደ ኔትፍሊክስ ያሉት የሚጠይቁት የቅጂ መብት መቆለፊያ በሃይኩ ስለሌለ ፊልሞቻቸው አይከፈቱም።

ሁለተኛው ችግር ድራይቨር፣ ማለትም ሲስተሙን ከመሣሪያው ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ነው። ሃይኩ የዋይፋይ ድራይቨሮቹን በአብዛኛው ፍሪቢኤስዲና ኦፕንቢኤስዲ ከተባሉት ሲስተሞች ስለሚወስድ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ኔትወርኩ ይሠራል፤ በቤታ 5 ላይ ፍጥነቱም በጣም ተሻሽሏል። ግራፊክስ ላይ ግን ቤታ 5 ሥዕሉን ሁሉ በፕሮሰሰሩ ያሠራዋል። የግራፊክስ ካርዱ ጉልበት ሥራ ላይ ስለማይውል ዘመናዊ ጌምና ከፍተኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ ያስቸግራሉ። ላፕቶፕን ክዳኑን ዘግቶ ማስተኛትም አይቻልም፤ በየጊዜው ማጥፋትና ማስነሳት ግድ ነው። መነሳቱ ፈጣን በመሆኑ ያን ያህል አያስመርርም፣ ተከፍቶ የነበረው ሥራ ግን ይዘጋል። በካሜራ የሚደረግ ስብሰባ ያለበት ሰው ሌላ መሣሪያ አጠገቡ ማስቀመጥ አለበት።

ከሁሉ ጠንከር ብሎ መነገር ያለበት የደኅንነቱ ነገር ነው። ቢኦኤስ የአንድ ሰው ኮምፒዩተር ተብሎ ስለታሰበ ሃይኩም ተጠቃሚውን ሙሉ ሥልጣን ያለው ጌታ አድርጎ ነው የሚያስገባው። የሚከፈተው ፕሮግራም ሁሉ ያንኑ ሥልጣን ይዞ ይሄዳል። በዊንዶውስም ሆነ በሊኑክስ አንድ ፕሮግራም ሲስተሙን መነካካት ሲፈልግ የሚጠየቀው ፈቃድ እዚህ የለም። የተጠቃሚው ቁጥር ትንሽ በመሆኑ ሃይኩን ዒላማ አድርጎ ቫይረስ የሚጽፍ ሰው እምብዛም አይገኝ ይሆናል፤ ይህ ግን መከላከያ አይባልም። የባንክ ሥራንና የድርጅት ምስጢርን እዚህ ላይ ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም።

አማርኛስ? ሃይኩ ጽሑፍን ሁሉ በዩኒኮድ ነው የሚይዘው፤ የኢትዮጵያ ፊደል ደግሞ ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ አለ። ፊደላችን እንደ ዓረብኛ እርስ በርስ የማይቀጣጠል በመሆኑ ተስማሚ ፎንት ካለ ለማንበብ አያስቸግርም። መጻፉ ሌላ ነው። የሃይኩ የኪቦርድ ሰንጠረዥ ለአንድ ቁልፍ አንድ ፊደል የሚመድብና ጥቂት የአነባበብ ምልክቶችን የሚቀጥል ነው። «ለ»ን በሁለተኛ ቁልፍ ወደ «ሉ»፣ «ሊ»፣ «ላ» ለመለወጥ ከሰንጠረዡ በላይ የሆነ፣ ለጃፓንኛ እንደተሠራው ያለ የመጻፊያ ፕሮግራም ያስፈልጋል። አገራችን ውስጥ ካሉት ወጣት ፕሮግራመሮች አንዱ ሊሠራው የሚችል፣ መጠኑ የታወቀ ሥራ ነው።

እንግዲህ ሃይኩ ለአንዳንድ ሰው ደርሷል፣ ለአብዛኛው ሰው ገና ነው። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ፣ ኮድ የሚሠራ፣ ኢሜይሉን የሚያነብ፣ ሙዚቃ እየሰማ ፒዲኤፍ የሚያገላብጥ ሰው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ቀኑን ሙሉ ሊውልበት ይችላል፤ እንዲያውም ከለመደው ይልቅ ደስ ብሎት። ሥራው በስብሰባ፣ በባንክና በአማርኛ ሰነድ ላይ ለቆመ ሰው ግን ዛሬ ብቸኛ ሲስተሙ ሊሆን አይችልም። ከ2021 ጀምሮ ከደጋፊዎች በሚሰበሰብ መዋጮ አንድ ገንቢ በደመወዝ መሥራቱ የጥገናውን ፍጥነት እንደጨመረው ከወጡት ቅጂዎች ይታያል፤ እንዲህ ያሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ቢጨመሩ የግራፊክሱና የማስተኛቱ ነገር መልክ ይይዝ ነበር።

ለመሞከር የሚጠፋ ነገር የለም። ቅጂው ከፕሮጀክቱ ገጽ ወርዶ ፍላሽ ላይ ይጻፋል፤ ኮምፒዩተሩ ከፍላሹ ሲነሳ ሃይኩ ልጫን ወይስ ልሞከር ብሎ ይጠይቃል፤ መሞከር ከተመረጠ ዲስኩ ላይ ያለው ዊንዶውስ አይነካም። ከዚያ ዋይፋዩ ይታይ እንደሆነ፣ ድምፁ ይወጣ እንደሆነ፣ ስክሪኑ በትክክለኛ መጠኑ መከፈቱንና ተጠቃሚው በየቀኑ የሚገባባቸው ድረ ገጾች መሥራታቸውን ማየት ነው። አንዱ እንቢ ካለ ሲስተሙ የሆነውን ሁሉ ሲስሎግ በሚባል ፋይል መዝግቦ ይይዛል። ያን ፋይል ከላፕቶፑ ሞዴል ጋር አያይዞ ችግሩን ለገንቢዎቹ ማመልከት ይቻላል፤ እነሱ እጃቸው ላይ የሌለውን መሣሪያ ድራይቨር ለማስተካከል መነሻ የሚሆናቸው ይኸው ነው።